ከኋላዬ የነበረው እግር

ንጋት ላይ ከአዘዞ ወደ ጠዳ በሚወስደው መንገድ ዳር እሮጣለሁ። ብቻዬን ነው። ብቻውን የሚሮጥ ሰው የሚያዋራው ስለሌለ የራሱን እግር ያዳምጣል። እግር ጠጠር ላይ ሲያርፍ አንድ ድምፅ አለው፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል የረገፈበት ላይ ሌላ፤ ዝናብ ያራሰው አፈር ላይ ደግሞ ሌላ። ይህን ማዳመጥ ያስተማረኝ ጓደኛዬ አሁን ሩቅ ነው። እሱ እዚህ በነበረበት ጊዜ እግሬን የሚያዳምጥልኝ እሱ ነበር።

ያኔ የምንሮጠው በሰልፍ ነበር። ሩጫን በቴሌቪዥን ብቻ የሚያውቅ ሰው ሯጭ ሁሉ እንደ ልቡ ተበትኖ የሚሮጥ ይመስለዋል። ልምምድ ላይ እንደዚያ አይደለም። አንዱ ይመራል፤ የቀረነው እንደ ጉንዳን ከኋላው እንደረደራለን። የፊተኛው እግር ከተነሣበት ላይ የኋለኛው እግር ያርፋል። መሪው ጉድጓድ ወይም የሾለ ድንጋይ ሲያይ በጣቱ ወደ መሬት ይጠቁማል፤ ምልክቱ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ እስከ ጭራው ይደርሳል። ሰውነታችን በተስማማበት ቀን የሁላችንም እግር ባንድ ላይ ያርፍና መንገዱ ከበሮ ይሆናል። እንዲህ ባለ ቀን ድካም የት እንደሚሄድ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አሰልጣኛችን ከስፖርት መምህርነት ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። በአሮጌ ብስክሌት ይከተሉናል፤ የብስክሌቱ ሰንሰለት ስለሚንቋቋ የት እንዳሉ ዞር ሳንል እናውቅ ነበር። ሕጋቸው አንድ ነው። ከሰልፍ መውጣት የለም። አንድ ቀን የጫማው ማሰሪያ የተፈታበት ልጅ ወጣ ብሎ ጎንበስ ሲል ደረሱበትና፣ ጫማው ሲፈታ ከሰልፍ ከወጣ ሱሪው ቢፈታ ወዴት ሊሄድ እንዳሰበ ጠየቁት። እስከ ጠዳ እየሳቅን ሮጥን። ያ ልጅ ከዚያ ወዲያ ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ሳይቋጥር ከቤቱ አይወጣም ነበር።

እኔ ከሰው ጋር ብዙ አላወራም። ትምህርት ቤትም የኋላ ወንበር ላይ ነበርሁ። ሰልፉ ውስጥ ግን ማውራት አያስፈልግም፤ እግርህን የፊተኛው ዱካ ላይ ካሳረፍህ ከሰው ጋር ነህ። ለዚህ ነው ነገሩ ሁሉ ከመጣ በኋላ ከሁሉ አብልጬ የፈራሁት ከሰልፉ መውጣትን የሆነው።

ሕመሙ ሲጀምር ማንም አልደነገጠም፤ እንዲያውም ደስ አላቸው። ከሳሁ። ጉንጬ ገባ፤ የቁምጣዬ ላስቲክ ላላ። በሌላ ቤት ልጅ እንዲህ ሲከሳ እናት ትጨነቃለች፤ ሯጭ መካከል ግን መክሳት የሚመሰገን ነገር ነው። ጓደኞቼ አሁን ገና ሯጭ መሰልህ አሉኝ። አሰልጣኙ ራሳቸው ጎኔን በጣታቸው ነካ አድርገው የጎድን አጥንቴን ቆጠሩና ለሌሎቹ አሳዩአቸው፤ እንጀራ የማይቀንስ ልጅ እኔን እንዲያይ አሉ። እኔም እንጀራ አልቀነስሁም ነበር። ከቀድሞው እጥፍ እበላ ነበር። ጠዳ ስንደርስ ቧንቧው ላይ ተደፍቼ ስጠጣ ግመል የሚል ስም አወጡልኝ፤ ሌሊት ለሽንት ስመላለስ ደግሞ ያው የጠጣሁት ውኃ ነው ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ሁላችንም ያየነው ሸንቃጣውን ሯጭ ብቻ ነበር።

አንድ ጠዋት ሰልፉ ውስጥ ሆኜ አስመለሰኝ። ትንፋሼ የበሰበሰ ፍሬ ይሸት ነበር አሉ። በባጃጅ ሆስፒታል ተወሰድሁ። ስነቃ እጄ ላይ ግሉኮስ የመሰለኝ ነገር ተሰክቶ ነበር፤ ስኳር ያለበት ሰው መሆኔን የነገረችኝ ነርስ ግሉኮስ እንዳልሆነ፣ ጨዋማ ውኃ እንደሆነ አስተካከለችልኝ። መርፌ መውጋትን ብርቱካን ላይ አስለመደችኝ። እድሜ ልክ ነው አለችኝ። ከዚያም የምሆነውን አጥቼ ፊቴን ወደ ግድግዳ ሳዞር እንዲህ አለችኝ፤

«እንደ ጎረቤት ቁጠረው። ላትወደው ትችላለህ። ጠዋት ጠዋት ግን ሰላም በለው፤ ካልሆነ በር ይሰብርብሃል።»

ቤታችን ማቀዝቀዣ አልነበረም። መድኃኒቱ ደግሞ ሙቀት አይወድም። ሱቅ ያላቸው ጎረቤታችን ማቀዝቀዣቸውን ፈቅደውልን ነበር፤ ግን መብራት ሲጠፋ ያለ መብራት ማቀዝቀዣ ሣጥን ነው። እናቴ ከጓዳ ሁለት የሸክላ ማሰሮ አወጣች። ትልቁ ከገበያ የተገዛ ነው። ትንሿን የሠራቻት ሴት ከእናቴ ወላጆች ጋር በአንድ መንደር ትኖር ነበር፤ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ቤተሰቧ ወደ እስራኤል ሲሄድ ለመታሰቢያ ትታት ሄደች። በጣት ሲመቷት ጥርት ያለ ድምፅ ያላት፣ አንገቷ ጠበብ ያለች ማሰሮ ናት። እናቴ ትልቁ ውስጥ አሸዋ ጨመረች፤ አሸዋውን በውኃ አራሰች፤ ትንሿን መካከሉ ላይ ቀበረች፤ መድኃኒቱን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ እዚያ ውስጥ አኖረች። አፏን በእርጥብ ጨርቅ ከደነች። ጠዋት ከሁሉ በፊት የምሠራው ሥራ አሸዋውን ማራስ ነው። እስከ ዛሬ።

በዚያ ዓመት ትምህርቴን አቋረጥሁ። ከአባቴ ጋር የእንጨት ሥራ ጀመርሁ፤ ማታ ማታ ነርሷ የሰጠችኝን መጽሐፍ ከመዝገበ ቃላት ጋር እያስተያየሁ አነብ ነበር። ብዙ ነገር ከዚያ አወቅሁ። ለምሳሌ ሊሮጥ ያሰበ ሰው ጭኑ ላይ ባይወጋ ይሻላል፤ የሚሠራ እግር መድኃኒቱን ቶሎ ስለሚስበው ስኳሩ በድንገት ይወርዳል። ስኳር ሲበዛ ቀስ ብሎ ይጎዳል፤ ሲያንስ ግን ወዲያው ይጥላል። ሰው ሁሉ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር።

እናቴ ሩጫ የሚለውን ቃል ቤት ውስጥ ከለከለች። አሰልጣኙ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ጓደኞቼም አብረው መጡ። ተቀመጡ፤ ዳቦ ተቆረሰ። እኔ መመለስ እፈልጋለሁ አልሁ። አሰልጣኙ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እናቴ ዞሩና፣

«ይዤው ወጥቼ ተሸክሜ ብመልሰው ለአንቺ ምን እላለሁ?» አሉ።

እናቴም ልክ ነዎት አለች። ነገሩ ያለቀ መሰለ። ያን ጊዜ ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ የተቀመጠው የኮሶዬው ልጅ ጉሮሮውን ጠረገ። ኮሶዬ በደባርቅ መንገድ ያለ ደጋ ነው፤ እሱ ገብስና ባቄላ በበቅሎ እየጫነ ገበያ ሲያወጣ ያደገ፣ ለሩጫ ሲል አዘዞ አጎቱ ዘንድ የተጠጋ ልጅ ነው። ሁላችንም አሰልጣኝ እያልን የምንጠራቸውን ሰው እሱ ብቻ አያ ይላቸው ነበር፤ እንደ አገሩ ወግ። እንስቅበት ነበር፤ እሱ ግን አልተወም።

«አያ፣ እኔ ከኋላው ልሁን» አለ። «የጭነት በቅሎ ጭነቷ ወዳንድ ጎን ሲያዘነብል መጀመሪያ የሚናገረው እግሯ ነው። ከኋላ የሚሄድ ሰው ይሰማዋል። እሷ ራሷ ሳታውቀው።»

አንዱ ሳቀ። ልጄን በቅሎ አልኸው ወይ አለች እናቴ፤ እሷም ግን ፈገግ ብላ ነበር። አሰልጣኙ ጢማቸውን ብዙ ሲያሹ ቆዩና አንድ ሕግ ለሁለታችን አወጡ። ብንወጣ ሁለታችን እንወጣለን፤ ብንመለስ ሁለታችን እንመለሳለን። አንዱ ብቻውን ቢመለስ ግን ሁለታችንንም ዳግመኛ ወደ ሰልፉ አያስገቡንም።

እንዲህ ሆኖ ወደ ሰልፉ ተመለስሁ። እሱም በቅሎዬ ይለኝ ጀመር።

ከእሱ ጋር የሮጥሁበትን ጊዜ ሳስብ ፊቱ አይታየኝም፤ ሁልጊዜ ከኋላዬ ነበርና። የሚመጣልኝ ድምፁ ነው። ቀኝ እግሩ ከግራው ጠንከር ብሎ ያርፋል፤ በአፍንጫው አጭር አጭር ይተነፍሳል፤ ዳገት ሲጀምር ምላሱን ጠቅ ያደርጋል፤ ለበቅሎ እንደሚደረገው። የስኳሬን መውረድ መጀመሪያ ያወቀብኝ ቀን ጠዳ ልንደርስ ስንል ነበር።

«በቅሎዬ፣ ምነው ግራህ መሬት ይልሳል?»

ደህና ነኝ አልሁት። ደገመ። እኔም ተቆጣሁ፤ የራስህን ሩጫ ሩጥ አልሁት። መቆጣት አንዱ ምልክት መሆኑን ያኔ አላወቅሁም፤ እሱም አላወቀም፤ ግን የቲሸርቴን ጫፍ ይዞ ከመንገዱ አወጣኝ። ቁምጣዬ ውስጥ ቋጥሬ የያዝሁትን ከረሜላ ልጦ አጎረሰኝ። ቁጭ ብዬ የጣቴን ጫፍ ወግቼ በትንሿ መለኪያዬ ስኳሬን ለካሁ። መለኪያው ከእሱ ጋር ተስማማ። የሰልፉ ጭራ መታጠፊያው ላይ ሲሰወር አየሁና ልነሣ ሞከርሁ። እሱ ግን ሣር እየነጨ ጥርሱን ይፍቅ ነበር። ሲሻለኝ ተነሥተን ተከተልናቸው፤ ደረስንባቸው፤ የአሰልጣኙ ሰንሰለት ለሁለታችን ቦታ ለቀቀ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ እንዲህ ሆነ። አንዳንዴ ይሳሳታል፤ የደከመኝን ከወረደብኝ ያምታታዋል። ሲሳሳት ከረሜላው ይቀጣኛል ይላል፤ መለኪያው ደህና ነው ካለ በነጋታው ከረሜላ የሚገዛው እሱ ነበርና። እየቆየ ግን መሳሳቱን ተወ።

የዐቢይ ጾም ሲገባ ሌላ ችግር መጣ። ሁሉም ይጾማሉ፤ ከልምምድ በኋላም ውኃ አፋቸው አይገባም፤ ቅዳሴ እስኪወጣ ይቆያሉ። እኔ ደግሞ ከሩጫ በፊት በሶ፣ ከሩጫ በኋላም ዳቦ ካልበላሁ አይሆንልኝም። የንስሐ አባታችን ለታመመ ጾም አይፈረድበትም ብለው ፈትተውልኛል። ቢሆንም በጾመኛ ፊት መብላት ከባድ ነው። ከአንድ የፈረሰ አጥር ጀርባ ሄጄ እበላ ነበር። እሱ ተከትሎኝ ይመጣና ፊቱን ወደ መንገዱ፣ ጀርባውን ወደ እኔ አዙሮ ይቆማል፤ የሚያልፍ ሰው እንዳያየኝ። አንድም ቀን ዞሮ አላየኝም። ሆዱ ሲጮኽ ግን ይሰማኝ ነበር። አንዴ ይቅርታ ልጠይቀው ስል፣

«ዝም ብለህ ብላ» አለኝ። «ገብስ የምትሸከም በቅሎ ገብስ ሳትበላ አትጫንም።»

ቅዳሜ ቅዳሜ ለደጋ ልምምድ ወደ ኮሶዬ እንወጣለን። አሰልጣኙ የሚያውቁት የአይሱዙ ሹፌር ባዶውን ሲወጣ ይጭነናል። ጎንደርን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ቅዝቃዜው ከጆሮ ይጀምራል፤ ቱታችንን እስከ አገጭ ስበን እንደ በግ ተጠጋግተን እንቀመጣለን። ኮሶዬ ላይ ጉሙ ሲገለጥ ቆላው ከእግር በታች ተዘርግቶ ይታያል፤ ጉሙ ሲመለስ ደግሞ የፊተኛህ ጀርባ ብቻ ነው የሚታይህ። እዚያ ትንፋሽ ያጥራል፤ እግር ግን ቀለል የሚል ይመስላል።

ከሩጫ በኋላ የኮሶዬው ልጅ እናት ቤት እንገባለን። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሲናገሩ ሰው የማያዩ ሴት ናቸው። ለሁላችን ቆሎ ይዘግኑልናል። የእኔን ነገር ልጃቸው ሊያስረዳቸው ሲሞክር አስታውሳለሁ፤ ስኳሩ ሲያልቅበት ይወድቃል አላቸው።

«ስኳር አለበት አላልህም ነበር?»

«አለበትም፤ ያልቅበታልም እማ።»

«አይ እንግዲህ» አሉና ሳቁ፤ «ዝናብ አለ፤ ውኃ የለም እንደሚሉት አገር ነው።»

እኔም ከቆሎዬ ጋር ሳቅሁ። በደንብ የገባቸው አልመሰለኝም ነበር።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ወሬ መጣ። ከሌላ ከተማ አንድ ክለብ ሰው ሊልክ ነው፤ ኮሶዬ ላይ ውድድር ተደርጎ አምስት ሯጭ ይመረጣል። ከእኛ መካከል አምስት ውስጥ የመግባት ተስፋ ካላቸው አንዱ እኔ ነበርሁ። አሰልጣኙ በአፋቸው አላሉም፤ ግን ጫማዬን አገላብጠው አይተው ሌላ እንድዋስ ነገሩኝ፤ ለሌሎቹ ይህን አላደረጉም። የኮሶዬው ልጅ ከእኔ ይፈጥን ነበር። ይህን ሌሎቹ የማያውቁት በሰልፍ ስለምንሮጥ ነው፤ ከኋላዬ የሚሆን ሰው ከእኔ ሊቀድም አይችልምና። እኔ ግን ዳገት ላይ ትንፋሹን አውቀዋለሁ። ትርፍ ነበረው።

ከውድድሩ በፊት በመጨረሻው ልምምድ ከሰልፉ ስንበተን ብቻውን ጠራሁት።

«ቅዳሜ ከኋላዬ እንዳትሆን» አልሁት። «የራስህን ሩጫ ሩጥ። ከኋላዬ ብትሆን አልለምንህም፤ ሩጫዬን አቁሜ እቀመጣለሁ።»

ብዙ ይከራከረኛል ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን የጫማውን ጭቃ በእንጨት ሲፍቅ ቆየና፣

«እሺ» አለ።

እንዲህ በቀላሉ እሺ ማለቱ ትንሽ ቅር አሰኘኝ። በማግሥቱ ቀድሞን ወደ እናቱ ቤት ወጣ። እኛ ቅዳሜ ንጋት ላይ በአይሱዙው ተከተልን።

የውድድሩ መንገድ ከአውራ ጎዳናው ተነሥቶ በግጦሹ መስክ አድርጎ፣ ባሕር ዛፉን ዞሮ፣ በገደሉ አፋፍ ተመልሶ የሚመጣ ነበር፤ እሱን ነው ደጋግመን የምንዞረው። የሠፈሩ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ዳር ዳር ቆሟል። መድኃኒቴን ሆዴ ላይ፣ ከወትሮው አሳንሼ ወግቻለሁ። በሶዬን ጠጥቻለሁ። ለክቻለሁ፤ ጥሩ ነበር። ከረሜላዬ ቁምጣዬ ውስጥ ተቋጥሯል።

ስንነሣ ጉም ነበር። ግፊያው ውስጥ እሱን አጣሁት። መስኩን ስንጨርስ ከፊቴ አራት ጀርባ ብቻ ይታየኛል፤ ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው። አምስተኛ ነኝ ብዬ አሰብሁ፤ ወይም ጉሙ የሸፈነው ሌላ ሰው ካለ ስድስተኛ። ሰውነቴ ሸጋ ነበር። እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም። ባሕር ዛፉን ለሁለተኛ ጊዜ ስዞር ከኋላዬ እግር ሰማሁ። ቀኙ ጠንከር ብሎ ያርፋል። በአፍንጫው አጭር አጭር ይተነፍሳል።

ቃሉን አፍርሶ መጣ ብዬ ተናደድሁ። ንዴቱ ግን ብዙ አልቆየም። ከሥሩ ሌላ ነገር ነበር፤ ማምሻውን ደጅ ላይ የቆየ ልጅ ቤቱ ሲገባ የሚሰማው ዓይነት ነገር። ሯጭ ዞር ብሎ አያይም፤ እኔም አላየሁም። በዚያ ዙር ከረሜላዬን ልበላ አስቤ ነበር። ተውሁት። የሚለው ቢኖር ይለኝ ነበር አልሁ። ዝም ካለ ደህና ነኝ ማለት ነው።

በሚቀጥለው ዙር ከንፈሬ ደነዘዘ። ብርድ ነው አልሁ። ላቤ ቀዘቀዘ፤ እሱንም ብርድ አልሁት። ከኋላዬ ያለው እግር ዝም ብሎ ይመጣል። ከዚያ መንገዱ ሁለት ሆነ፤ አንደኛው ወደ መስኩ፣ ሁለተኛው ወደ ነጩ። የትኛው የእኔ እንደሆነ ሳስብ ከኋላዬ የነበረው እግር በጎኔ አለፈኝ። ቀይ ቱታ ነበር። የእኛ ሰው ቀይ ቱታ የለውም። ይህን ማሰቤን አስታውሳለሁ፤ ከማን ጋር እንደማያይዘው ግን አላወቅሁም። ሰው ይጮኽ ነበር። ወደ ገደሉ እየሄድሁ ነበር አሉኝ በኋላ።

የገብስ ማሳ ዳር ወደቅሁ። ጆሮዬ ይሰማል፤ ምላሴ አይታዘዝም። ጋቢ የለበሱ ሰዎች ከበቡኝ። አንዱ ጠበል ይምጣ አለ። ጓደኞቼ ስኳር አለበት ብለው ሲናገሩ የሰሙ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን በላዬ አግድም ዘርግተው፣ እንግዲያው ጣፋጭ የሚባል ነገር እንዳይቀምስ፣ ጣፋጭ ነው የሚገድለው እያሉ ሰዉን ያስጠነቅቁ ነበር። በክፋት አልነበረም። ሲጠብቁኝ ነበር። ከረሜላዬ ቁምጣዬ ውስጥ ነው፤ እጄ ቋጠሮው ጋ ደርሶ ምን ሊያደርግ እንደመጣ ይረሳል።

ከዚያ አንዲት ሴት በዱላው ሥር ጎንበስ ብለው ገቡ። የኮሶዬው ልጅ እናት ናቸው። ትንሽ ቅል ይዘዋል። ጣታቸውን ቅሉ ውስጥ ነክረው ጉንጬ ውስጥ አሹት። ማር ነበር፤ ሰፈፉ ሳይቀር።

«ምነው ሴትዮ፣ ልትገይው ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«አያ፣ ይተዉኝ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ልጄ እዚህ ቁሚ አለኝ፤ ቆምሁ። በቅሎዬ ከወደቀ ይህን ስጪው አለኝ፤ እሰጣለሁ። የሚሞት ከሆነ ልጄን ይጠይቁት።»

ደግመው ነከሩ። ደግመው አሹልኝ። በባሕር ዛፉ ማዶ፣ ከመጨረሻው መስመር በኩል፣ እልልታና ጭብጨባ ተነሣ። እሳቸው አንገታቸውን አቅንተው ወደዚያ አዩ፤ ከነጭ ጉም በቀር የሚታይ አልነበረም። ጣታቸው ጉንጬ ውስጥ እንዳለ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሱ።

ልጃቸው ሁለተኛ ወጥቶ ነበር። ሲገባ አላዩትም።

ሲመጣ ቁጥሩ ደረቱ ላይ እንደተሰካ ነበር። ተቀምጬ ነበር፤ ዓለም ወደ ቦታዋ ተመልሳለች። አጠገቤ ቁጢጥ አለና በመጀመሪያ ያየው ቅሉን ነው።

«ምነው በቅሎዬ፣ ማሩን በሙሉ ጨረስኸው?»

«ከኋላዬ አልነበርህም እንዴ?» አልሁት።

«ከፊት ነበርሁ። አትሁን አላልኸኝም?»

«እግርህን ሰምቼ ነበር።»

እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገና ወደ ገደሉ ሲያይ ቆየ። እናቱ ቅሉን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር።

እሱ ተመረጠ። እኔ አልተመረጥሁም። በአይሱዙው ስንመለስ የሚያስጨንቀኝ ግን ይህ አልነበረም፤ አሰልጣኙ እናቴ ፊት እንዴት እንደሚቀርቡ ነበር። ተሸክሜ ብመልሰው ያሉት ነገር ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ከኋላዬ የሚሆነው ሰውም ሊሄድ ነው። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ወደ መሰብሰቢያችን ስሄድ ቱታዬን ለመመለስ አጣጥፌ ይዤ ነበር።

አሰልጣኙ ቱታውን አዩት፤ እኔን አዩኝ። ብስክሌታቸውን ዛፍ ላይ አስደግፈው መጡ።

«ልበሰው» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ጭራው አንተ ነህ። ከኋላህ ማንም የለም፤ እኔም ከፊት እሄዳለሁ። የምትሰማው እግር ሁሉ የራስህ ነው።»

መጀመሪያ ቅጣት መሰለኝ። ብዙ ቀን ጀርባዬ ይበርደኝ ነበር፤ ከኋላው በር እንደተከፈተበት ቤት። ምንም አልሰማም ነበር፤ የሰልፉን ጫጫታ ብቻ። በየመታጠፊያው ወጥቼ እለካለሁ፤ ከልኬቱ በፊት እግሬ ምን እንዳለ ለራሴ እናገራለሁ፤ እሳሳታለሁ። እንጨት እንደ መላግ ነው፤ መጀመሪያ እጅህ የሚያውቀው መላጊያውን ብቻ ነው፤ ቆይቶ እንጨቱን ያውቃል። አንድ ጠዋት የፊተኞቼ እግር ባንድነት እያረፈ ሳለ ከመካከሉ አንድ እግር መሬቱን ሲልስ ሰማሁ። ግራ ነበር። የእኔ ነበር። ከሰልፉ ወጣሁ፤ ጎረስሁ፤ ለካሁ። መለኪያው ከእኔ ጋር ተስማማ። ከዚያ ሮጬ ደረስሁባቸው፤ አሰልጣኙ ዞር አላሉም፤ ግን የብስክሌቱ ሰንሰለት ለጥቂት ጊዜ መንቋቋቱን አቁሞ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ያ ሰልፍ አሁን የለም። መንገድ የሚዘጋባቸው ቀኖች በዙ፤ አንዱ አገባ፣ አንዱ ባጃጅ ያዘ፣ አንዱ ለሥራ ወጣ። የአሰልጣኙ ጉልበት ብስክሌቱን እምቢ አለ፤ ሳልፍ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አያቸዋለሁ፤ እጃቸውን ወደ መሬት ጠቁመው ጉድጓድ ያሳዩኛል፤ ጉድጓድ በሌለበት። እናቴም መከልከሉን ትታለች፤ አሸዋውን ግን ካራስሁ በኋላ በጣቷ ነክታ ታየዋለች።

ለጥምቀት ወይም ለመስቀል መንገዱ ሲፈቅድ ኮሶዬ እወጣለሁ። የጓደኛዬ እናት ቆሎ ይዘግኑልኛል፤ ስመለስ ማር በቅል ይሰጡኛል። ልጃቸው ሲሮጥ አንድ ጊዜ በቴሌቪዥን አይተውታል፤ መንገድ ዳር ባለ ምግብ ቤት፣ ሰው ተሰብስቦ። ጉም አልነበረም አሉኝ።

እሱ እሑድ እሑድ ይደውላል። ባለፈው ሲደውል አውደ ሥራችን ውስጥ በር እየላግሁ ነበር። ስለ ውድድር ጠየቅሁት፤ ስለ ቁርጭምጭሚቱ ነገረኝ። ከዚያ እንደ ልማዱ፣ ስልኩን ወገብህ ላይ አድርግና ትንሽ ሩጥልኝ አለ። ሰው ቢያየኝ አፍራለሁ አልሁት። እሱ ግን አይሰማም። ስልኩን ቀበቶዬ ላይ ሰክቼ በግቢው ውስጥ፣ በፍቅፋቂው ላይ፣ ወዲያና ወዲህ ሮጥሁ። አባቴ መጋዙን አቁሞ ያየኝ ነበር። ስልኩን ወደ ጆሮዬ መለስሁ።

«ግራህ ይጎትታል» አለ።

«ነጠላ ጫማ ነው ያደረግሁት።»

«ቢሆንም በቅሎዬ፣ ከረሜላህን ጉረስ።»

እግሬን ሰምቼው ነበር፤ ደህና ነበር። ነጠላ ጫማው ነው። ከኪሴ አንድ ከረሜላ አውጥቼ ልጬ ጎረስሁ፤ የወረቀቱን ድምፅ እንዲሰማው ስልኩን አጠገቡ ይዤ።